ምን ጎደለው

ውሻ ሲልሰው ደስ የሚለው ሰው፣ ውሻው ከማለዳ ጀምሮ የት የት እንደዋለ ያላየ ሰው ነው።

እኛ አይተናል። ሚዛን አማን ውስጥ፣ ቡና እስከ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ድረስ በተተከለበት ሰፈራችን፣ ማየት ዋነኛው ሥራ ነው። ዝናቡ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል ይላሉ የሚለኩት፤ እኛ ሳንለካውም እናምናቸዋለን። እሱ ሲወርድ ሰው በረንዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጨሞ ይቀርባል፣ ከዚያ ወዲያ ግቢውን ከማየት ሌላ የሚሠራ የለም። (ጨሞን የማታውቁ ካላችሁ የቡና ቅጠል ነው፤ ከቅመማ ቅመም ጋር ተፈልቶ ይጠጣል። ፍሬውን ለዓለም ሸጠን ቅጠሉን ለራሳችን ያስቀረን ሰዎች ነን። ከፍሬው ቅጠሉ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ብዙዎቹ ፍሬውን ሸጠው የጨረሱ ናቸው።)

በግቢው ውስጥ ከዶሮውም፣ ከልጁም፣ አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡናም ይልቅ ዓይን የሚስበው ውሻው ነው። ስሙ "ምን ጎደለው" ይባላል።

ስሙን ያወጡለት የግቢው ባለቤት እማማ ናቸው። መቼም በአገራችን የውሻ ስም ለውሻው ተብሎ አይወጣም። ስሙ ለጎረቤት የሚላክ ደብዳቤ ነው፤ ውሻው ተሸክሞ ያደርሳል። "ታዘበው" የሚባል ውሻ ያለበት ቤት ውስጥ አንድ የተቀየመ ሰው አለ። "ሰው ክፉ" የሚባለውማ ባለቤቱ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሊናገረው ያልቻለውን በየማታው ጮክ ብሎ ይጠራዋል፤ ከሳሽም ምስክርም የለበትም።

የእማማ ደብዳቤ የተላከው ለምራታቸው ነበር። ምራቲቱ ስለ ባሏ "ብዙ ነገር ይጎድለዋል" አለች የሚል ወሬ ደረሳቸው። ቡችላው በዚያው ሰሞን መጣ። ከዚያ በኋላ እማማ ጠዋትና ማታ አጥሩ ጋ ቆመው "ምን ጎደለው! ኧረ ምን ጎደለው!" እያሉ ይጣሩ ጀመር። አማትና ምራት ከታረቁ ቆይተዋል፤ የልጅ ልጅ ታቅፈው አብረው ቡና ይጠጣሉ። ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ።

ዘበኝነቱ አይታማም። ቡና ሲሰጣ አልጋው ሥር ይተኛል፤ ዶሮ አያስጠጋም፣ ሌባም አያስጠጋም። ችግሩ የሚበላው ነገር ነው።

የሚበላው ያንን ነገር ነው። በሐኪም ቤት አማርኛ ብጽፈው የላቦራቶሪ ወረቀት ይመስላል፣ በሰፈር አማርኛ ብጽፈው አዘጋጁ ይሰርዘዋል። ስለዚህ "ያ ነገር" ልበለው፤ እናንተም ገብቷችኋል፣ እኔም ጨዋ እንደሆንኩ እቆያለሁ። የራሱን ይበላል። የሌላ ውሻ ይበላል። የላም፣ የዶሮ፣ ካገኘም ሽንት ቤት መሄድ የሰነፈ ሕፃን የተወውን ይበላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ምን ጎደለውም እንደተረቱ ሽንት ቤቱ በራፍ ላይ ይጮኻል። በእኛ ግቢ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በአጀብ ነው የሚሄደው።

ይህን ሁሉ ለምደነው ኖረን ነበር። ከአሜሪካ እንግዳ ባትመጣ ኖሮ አሁንም እንደለመድነው እንቀር ነበር።

እንግዳዋ የእማማ የእህት ልጅ ናት። ገና ከባጃጁ ስትወርድ ምን ጎደለው ጭራውን እየቆላ ተቀበላት። እሷም "ውይ የኔ ቆንጆ!" ብላ በርከክ አለችና ፊቷን ሰጠችው። ከአገጯ ጀምሮ እስከ ግንባሯ ድረስ ላሳት። አፍንጫዋን ደገመው። በረንዳው ላይ የነበርነው ሰዎች በሙሉ፣ ያን ጠዋት ውሻው ከሙዙ ጓሮ ሲመጣ ያየን ሰዎች፣ ጸጥ አልን። ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ከስንት ዓመት በኋላ አገሯን ለማየት ለመጣች ሰው ይህ እንዴት ይነገራል? ይሉኝታ ምላሳችንን ያዘው። አንዱ ጣሪያውን አየ። አንዱ ስለ መንገዱ ጠየቃት፣ "ቦንጋ ላይ ዝናብ አገኛችሁ?" እያለ።

እማማ ብቻ ከተቀመጡበት ተነሡ። "ልጄ፣ ቡናው ደርሷል፤ እጅሽን ታጠቢ" አሉ። ጆጉን አንሥተው ሲያስታጥቧት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እግረ መንገድሽን ፊትሽንም" አሉ።

በዚያ ቀን ውሻው መታረም አለበት ተባለ። ክልላችን በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ለአራት ከተሞች፣ ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አካፍሏል። እኛም ከዚያ በተማርነው መሠረት የውሻውን ጉዳይ አንድ ሰው ላይ አልጣልነውም።

ሃምሳ አለቃ ቀደሙ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ትእዛዝ ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። "ውሻ ማለት ምልምል ማለት ነው" አሉ። "አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ተው!" ከማግሥቱ ጀምሮ ምን ጎደለው ባጎነበሰ ቁጥር ከበረንዳው "ተው!" የሚል መብረቅ ይወርድ ጀመር። ውሻው ፈጣን ተማሪ ነው። "ተው" የሚለው ቃል "ሊቀሙህ ነውና ቶሎ ዋጥ" ማለት መሆኑን ወዲያው ገባው። ቀድሞ እያጣጣመ ይበላ የነበረው አሁን ይውጠው ጀመር። የከፋው ደግሞ የጎረቤት ውሾችም ቃሉን ለመዱት፤ ሃምሳ አለቃ "ተው!" ሲሉ ከየአጥሩ እየሾለኩ ይመጣሉ፣ እዚህ ቤት የሚበላ ነገር አለ ብለው። ልጆቹ በቤንችኛ፣ በሸኮኛ፣ በከፍኛ ሞከሩለት። በአራት ቋንቋ ተሰደበ፤ አንዱም ምግቡን አላስጣለውም።

ሁለተኛው ነጋዴው ነው፤ ከቴፒ ቅመም እያመጣ የሚሸጥ ሰው። ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ምን የለም። ነጋዴው ያንን ነገር ባየበት ሁሉ የቁንዶ በርበሬ ዱቄት ነሰነሰበት። ምን ጎደለው ቀረበ፣ አሸተተ፣ አነጠሰ፣ ዞር ብሎ ወደ እኛ አየ፣ በላ። እማማ ቅሬታቸው ለቅመሙ ነበር። "እስከ ዛሬ ጥሬውን ይበላ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቅመም አስለመዳችሁት፤ ነገ ያለ ቅመም አልበላም ቢል ማን ይችለዋል?"

ሦስተኛው ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተከራይ ነው። እሱ የፈረንጅ መላ አገኘ፦ ውሻው አናናስ ይብላ፤ አናናስ የበላ ውሻ ያ ነገሩ ይመርረዋልና ይተወዋል። ይህን መላ ያወጣው ፈረንጅ አናናስ በሚወደድበት አገር የሚኖር ሰው መሆን አለበት። እኛ ጋ በወቅቱ ሲሆን መንገድ ዳር ተከምሮ ገዢ ያጣል። ለውሻው በየቀኑ ተላጠለት። አናናሱን ወደደው። ያንንም ነገር አልጠላውም። ከምሳ በኋላ ፍራፍሬ የሚቀርብለት ብቸኛው ውሻ ሆኖ አረፈ።

አራተኛዋ እማማ ራሳቸው ናቸው። እማማ ትውልዳቸው መንዝ ነው፤ እዚያ እንቁላል የለመደ ውሻ እንዴት እንደሚታረም ያውቃሉ። እንቁላል ይቀቀላል፤ ከፈላው ውኃ እንደወጣ፣ ሳይበርድ፣ ለውሻው ይወረወርለታል። ውሻው እንደ ልማዱ ላፍ ያደርገዋል፤ ይቃጠላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎጆ ውስጥ የተኛች ዶሮ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ጭካኔ አለበት፣ ግን በአገሩ የታወቀ ነው። እማማ በኩራት ተርከው ጨረሱ። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ነጋዴው ቀስ ብሎ "ታዲያ ያንን ነገር ማን ይቀቅለዋል?" አለ።

ጉዳዩ በዚያ ቀን አልተነሣም።

ተማሪው ግን በአናናሱ ስለተሳቀበት አልተኛም። ስልኩን ይዞ አንድ ጥናት አመጣ። ቤንጃሚን ሃርት የሚባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የዴቪሱ፣ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ 3000 የሚጠጉ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው በአውሮፓውያን 2018 ያወጡት ነው። ከስድስት ውሻ አንዱ፣ ማለትም 16 በመቶው፣ የውሻን ያ ነገር ደጋግሞ ይበላል። እማማ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "አሜሪካም?" አሉ። አሜሪካም። እዚያ አገር ይህን የሚያስተው ዱቄትና ክኒን በየዓይነቱ ይሸጣል፤ ጥናቱ 11 ዓይነት አይቶ ከ100 ውሻ ከሁለቱ በላይ ያስተወ አላገኘም። "ተው" ማለትና ማባረርም እምብዛም አልረዳም። ሃምሳ አለቃ ሳል መጣባቸው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የገረመኝ ምክንያቱ ነው። በጥናቱ አብዛኞቹ ውሾች የሚፈልጉት ትኩሱን ነው፤ ከሁለት ቀን በላይ የቆየውን አይነኩትም። ሃርት ይህን ወደ ተኩላ ዘመን ይወስዱታል። ተኩላ ዋሻ አጠገብ የታመመ አንዱ ቢጸዳዳ፣ በዚያ ነገር ውስጥ ያለው የትል እንቁላል ወዲያው አይጎዳም፤ ሰው ወይም እንስሳ የሚይዝ እጭ እስኪሆን ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከበሉት ዋሻው ጸዳ፣ ግልገሎቹም ዳኑ። መላምት ነው፤ ደስ የሚል መላምት ነው። ምን ጎደለው ለካ የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ኖሯል፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጓንት፣ እየተሰደበ።

ይህን ሥራ በይፋ የሰጡትም አሉ። ከእኛ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ኦሞ ወንዝ ከሚገባበት ሐይቅ ማዶ፣ በኬንያዎቹ ቱርካናዎች ዘንድ ሕፃን ሲቆሽሽ ልሶ የሚያጸዳ ውሻ ይያዝ ነበር። ሞግዚት ነው ማለት ይቻላል። ውኃ ብርቅ በሆነበት አገር ማን ይፈርድበታል? ወደዚህ ውሻ በኋላ እመለሳለሁ፤ መጨረሻው እንደ መጀመሪያው አያስቅም።

በእኛ አገር ይህን ሥራ ከውሻ እጅ የወሰዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች ተመደቡ፣ 16 ፓኬጅ ይዘው፤ ከ16ቱ አንዱ ሽንት ቤት ቆፍሩ የሚል ነው። በየቤቱ እየዞሩ ቆጠሩ፣ መከሩ፣ ተቆጡ። ሽማግሌው "እኔ ጫካ እያለልኝ?" እያለ ቆፈረ። ስለ ሰው ጤና ብዙ ተጽፏል። የውሾቹን ኑሮ የጻፈው ግን የለም፤ ድሮ ከሙዙ ሥር እስከ ቡናው ሥር ሰፊ ርስት የነበራቸው ሁሉ በአንድ ጉድጓድና በአንድ ክዳን ርስታቸውን ተነጠቁ። ምን ጎደለው በሽንት ቤቱ በራፍ የሚጮኸው አሁን ሳስበው የይገባኛል ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ካርዱን አውጥቶ "የውሻው ስም?" አለ።

"ምን ጎደለው" አሉ እማማ።

"እሱን መርምሬ ነው የምነግርዎ። ስሙን ነው የጠየቅኩት።"

"እኮ፣ ምን ጎደለው!"

"እናቴ፣ አይቆጡ፤ ገና አላየሁትም።"

ነጋዴው ገብቶ ባያስረዳ ኖሮ ተጣልተው ነበር። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ፣ ድዱን አየ፣ የትል መድኃኒት ሰጠ። አንዳንድ ውሻ ትል ስላለበት፣ አንዳንዱ ምግብ ስለማይፈጭለት፣ አንዳንዱ ስለራበው፣ አብዛኛው ደግሞ ደስ ስለሚለው ይበላል አለ። "መድኃኒቱ አካፋ ነው። ቀድማችሁ አንሡት።" እኛ ከመርፌ ያነሰ ነገር አልጠበቅንም ነበርና ቅር አለን። ከዚያ "ለመሆኑ ምን ትሰጡታላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ወደ ሃይማኖት ወሰደን።

እማማ አንድም ጾም አይስቱም። ሁዳዴ ሲገባ ከቤታቸው አጥንት ይጠፋል፤ ምን ጎደለው ለ55 ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ እያሸተተ ይጾማል፣ ሳይጠይቁት፣ ሳይጠመቅ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ወንጌላውያን ናቸው፤ በእነሱ ቤት ሥጋ የወቅት ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ውሻው በሁዳዴ አጥር ተሻግሮ ይኖራል፣ በፋሲካ ማለዳ ደግሞ ዶሮው ሲገነጠል በእማማ በራፍ ላይ ተገኝቶ ጭራውን ይቆላል። እማማ "ኮበለለ" ይላሉ። ማዶዎቹ "ዳነ" ይላሉ። ሐኪሙ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን "በጾምም ቢሆን ይጠግብ" አለና ሄደ። ባቄላና ጎደሬ ተቀቀለለት። ጠገበ፤ ከጠገበ በኋላም ዞር ብሎ ወደ ሙዙ ጓሮ ሄደ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚለውን የተረተ ሰው ውሻ አልነበረውም ማለት ነው፤ ድመቲቱ እኮ መመንኮሱንስ ሞክራለች።

እዚህ ላይ ግን ስለ ውሻው አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። የእኛ የደቡብ ምዕራቡ ሰው በሌላ ፍጥረት ምላስ ላይ የመፍረድ መብቱ እምብዛም ነው።

ማሩን እዩት። ከሸኮ ጫካ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሰቃዩ የሚያወርደው፣ ለአራስ፣ ለሙሽራ፣ ለባለሥልጣን የሚቀርበው ማር ንብ አበባውን ቀስማ በከርሷ ተሸክማ መጥታ የተፋችው ነው፤ አንዷ ተፍታ ሌላዋ ተቀብላ ደግማ ትተፋዋለች። ስንልሰው ግን ጣታችንን ጭምር ነው።

ዝባዱን እዩት። ከጅማ እስከ ወለጋ ጥርኝ በቀፎ እያኖሩ ከጭራዋ ሥር፣ ከዚያችው ከማትጠራው ቦታ አጠገብ ካለ እጢ የሚፋቅ ቅባት ነው። በቀንድ ታሽጎ ፓሪስ ይገባ ነበር። የሻኔል ሰዎች ሰው ሠራሹን ዝባድ እስከተኩበት እስከ አውሮፓውያን 1998 ድረስ በዓለም የታወቀው ሽቷቸው ውስጥ የጥርኝ ነገር ነበረበት። እመቤቶቹ አንገታቸውን ይቀቡት ነበር። ምን ጎደለው ያንን ቢልስ ምን ይሉታል?

ቡናውንማ ተዉት። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሉዋክ የሚሏት ጥርኝ መሰል እንስሳ ቀይ የቡና ፍሬ ትበላለች፤ ሥጋው ይፈጫል፣ ፍሬው ከያ ነገሯ ጋር ይወጣል፤ ሰዎች ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው ከቡና ሁሉ አስወድደው ይሸጡታል። ይህን ቡና አሜሪካ ያስገባው ነጋዴ በአውሮፓውያን 1995 የኢግ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል፤ ይህ የሚያስቁ ሥራዎች የሚሸለሙበት ነው። ነገሩን ከልብ የያዙት ደግሞ ማሲሞ ማርኮኔ የተባሉ የካናዳው የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናቸው፤ በአውሮፓውያን 2004 ባወጡት ጥናት የኢንዶኔዥያውን ከየትኛው አገር የጥርኝ ቡና ጋር አወዳደሩት መሰላችሁ? ከኢትዮጵያው። ጫካ ገብቶ ያ ነገር ውስጥ ፍሬ የፈለገ ሰው አለ ማለት ነው፤ ዶክተር ነው፣ ማንም "ተው!" አላለውም። ፍሬው ላይ የሆድ አሲድ የጫረው ጠባሳ በአጉሊ መነጽር አይተዋል፤ ታጥቦ ከተቆላ ለጤናም እንደማያሰጋ አረጋግጠዋል።

ይህን ለእማማ ሳነብላቸው ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ይሄኛው ከየት ነው የተለቀመው?" አሉ። ከጓሯቸው ነው። ጦጣ ግን በጓሯቸው ቡና ላይ ትውላለች፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ሥጋውን መጥጣ ፍሬውን ትተፋለች፣ ልጆች ከሥር ይለቅማሉ። አልነገርኳቸውም። ይሉኝታ እኔንም ይይዘኛል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሳቅ ነበር። መስቀል ደረሰ።

ለመስቀል ቅርጫ ገባን። በሬው ሸኮ ነው፤ ይህ ዘር እየተመናመነ የሄደ፣ ቆላ ዝንብ የሚያመጣውን ገንዲ የሚቋቋም፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሻኛ ካላወጡት ከብቶች የቀረ ነው ይባልለታል። ሳይንቲስቶች ይሳሱለታል። የቅርጫው ሰዎች ግን ሻኛ እንደሌለው ያወቁት ከታረደ በኋላ ነው፤ "ሻኛ የሌለው በሬ ማን ግዛ አላችሁ?" በሚል ግማሽ ቀን ሄደ። በዚህ ክርክር መካከል ሃምሳ አለቃ ሳንባውን ቆርጠው፣ ሳያዩት፣ እጃቸው እንደለመደው ወደ ኋላ ወረወሩት። ምን ጎደለው መሬት ሳይነካ ሊቀልበው ተነሣ።

"ተው!" አለ አንድ ሰው።

ሃምሳ አለቃ አልነበሩም። ሐኪሙ ነው፤ እሱም የቅርጫው አባል ነበር፣ ለቅልጥም ሲጠባበቅ። ሮጦ ሳንባውን በእግሩ ረገጠው። ውሻው ጮኸ፣ እኛም አጉረመረምን፤ ሰው የሚበላው አይደለም፣ ለውሻ መስጠት ጽድቅ ነው። ሐኪሙ በቢላዋ ጫፍ አሳየን። ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠሩ ነጭ ከረጢቶች ነበሩበት፤ ሁላችንም በየእርዱ አይተናቸዋል፣ በየእርዱ ቆርጠን ጥለናቸዋል።

"ያንን ነገር ሲበላ ስንት ወር ትሯሯጣላችሁ" አለ። "ይሄንን ግን በገዛ እጃችሁ ታጎርሱታላችሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ልጅ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ውሻውን ብዙም አያመውም። እንቁላሉ ከውሻው ያ ነገር ጋር ይወጣል፤ ሣሩ ላይ፣ ጸጉሩ ላይ፣ ምላሱ ላይ ይቀራል። ከብት ከሣሩ ይበላዋል። ልጅ ከእጁ ይበላዋል። ሰው ውስጥ ሲገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ዓመታት ፈጅቶ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ብዙ ጊዜ የሚፈታው ቀዶ ጥገና ነው። ያ የቱርካናው ሞግዚት ውሻ ትዝ አላችሁ? ይህ በሽታ በዓለም እጅግ ከበዛባቸው ሕዝቦች አንዱ ቱርካናዎች ነበሩ። ውሻው ያንን ነገር ስለበላ አይደለም፤ የእርድ ሆድ ዕቃ በልቶ ሕፃኑን ይልስ ስለነበር ነው።

ግቢው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሻኛ የሚናገር ጠፋ። እማማ ያችን የእህታቸውን ልጅ፣ ከአገጭ እስከ ግንባር የተላሰችውን፣ እያሰቡ እንደሆነ ከዓይናቸው ያስታውቃል። በማግሥቱ አሜሪካ ደውለው "ምርመራ አድርጊ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ" ብለዋታል አሉ።

የዚያን ዕለት ግን ወደ ተማሪው ዞረው "አካፋ አምጣ" አሉ። ሳንባውና ጉበቱ ሊቀበር ነው። ዝናቡ ጀምሯል። ተማሪው ከሙዙ ሥር ቆፈረ፣ ምን ጎደለው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ሥራውን በትዕግሥት እየተቆጣጠረ። እስከ ጉልበቱ ሲደርስ ተማሪው ቀና አለ።

"ይበቃል፣ እማማ?"

"ጨምር።"

እስከ ወገቡ ሲደርስ ላቡንና ዝናቡን አንድ ላይ ጠረገ። "ኧረ እማማ፣ ሰው ነው እንዴ የምንቀብረው?"

እማማ ውሻውን አዩት። "ሰውማ ቢሆን ቆፍሮ የሚያወጣው የለም" አሉ። "ጨምር።"